ለእማዬ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሷ ተነቃንቆ «ለአያቴ ንገርልኝ» ስትለኝ ነው የሰነበተችው።

ጥርስ ካነሣን ላይቀር፣ ያንቺንም የምትነቃነቀውን ለሰመመን ባለሙያው ሳትደብቂ አሳዪው። የመተንፈሻ ቱቦውን ለማስገባት አፍሽ ውስጥ የሚያስገቡት ብረት ከነካት ወልቃ ወደ ሳንባ ልትወርድ ትችላለች።

እህቴ «የጠጠሩ ኦፕራሲዮን ይቅርብኝ፣ ያን ውርደት አልደግመውም» ማለትሽን ነገረችኝ። ባለፈው ኦፕራሲዮን ስትነቂ ነርሷን መምታትሽን፣ እጅሽን በሻሽ ማሰራቸውን ነው ውርደት ያልሽው። እማዬ፣ በሰመመን ያደረግሽው እንዴት ባንቺ ይቆጠራል?

ሰመመን ሲለቅ ሰው በአንዴ አይነቃም። ሰውነት ቀድሞ ይነቃል፣ አእምሮ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያ መሀል ሰው ይወራጫል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ዓይኑ ይንከራተታል። ቱቦው ያኔ ቢነቀል የድምፅ አውታሮች ተኮማትረው አየር እስከ መዝጋት ይደርሳሉ። ስለዚህ ወይ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ እያለ ወይ ፈጽሞ ሲነቃ እንጂ በመሀሉ አይወጣም። ላንቺ የኋለኛው ይሻላል፤ ከሆድ የሚመለስ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ።

የሚጠብቁት ይህን ነው፦ ራስሽ በእኩል ምት መተንፈስሽን፣ «ዓይንሽን ግለጪ፣ እጄን ጨብጪ» ሲሉሽ መታዘዝሽን፣ የጡንቻ ማዝለፍለፊያው መድኃኒት መልቀቁን። እሱን ለማስለቀቅ ኒዮስቲግሚን የተባለ መድኃኒት ከአትሮፒን ጋር ይሰጡሻል። መለኪያ መሣሪያ ካላቸው ነርቭሽን በቀላል ኤሌክትሪክ አራት ጊዜ ነዝረው አራተኛው የጡንቻ ምላሽ ከመጀመሪያው ቢያንስ 90 በመቶ መድረሱን ያያሉ፤ ከሌላቸው ራስሽን ከትራስ አንሥተሽ 5 ሰከንድ እንድታቆዪ ይጠይቁሻል፤ ይኼኛው እንደ መሣሪያው አያስተማምንም። ከዚያ ኦክስጅን ብቻ ያስተነፍሱሻል፣ አፍሽ ውስጥ ያለውን ምራቅ ይመጥጡልሻል፣ ቱቦው ጫፍ ያለችውን በአየር የተነፋች ከረጢት በሲሪንጅ ያስተነፍሷታል፣ አየር ስትስቢ ጠብቀው ያወጡታል። ያስልሻል፤ ጉሮሮሽም አንድ ሁለት ቀን ይከረክርሻል።

ክፉው የጡንቻ ማዝለፍለፊያው ገና በግማሽ ሳለ ቱቦው ከወጣ ነው። ሰው ነቅቶ ጉልበት ያጣል፤ ታፈንኩ ብሎ ይፈራገጣል። ይህን እንደ እብደት ቆጥሮ የሚያስተኛ መርፌ መጨመር ትልቅ ስህተት ነው። መጀመሪያ ኦክስጅኑ ይታያል፤ ቀጥሎ ሕመሙ፣ ስኳሩ፣ ብርዱ፣ የተወጠረ የሽንት ፊኛ። ፊኛ ብቻውን ሰውን ከአልጋ ያስነሣል።

ያኔ አንቺን ያወከሽ ምን እንደነበር እኔ እገምታለሁ። ከዋዜማው የተሰጠሽ የሚያስተኛ ክኒን በዕድሜ ለገፋ አእምሮ አይስማማም። መነጽርሽን ወስደውታል። የሚያናግሩሽም በማይሰማው በግራ ጆሮሽ በኩል ቆመው ነበር። ማን ይነግራቸው ነበር? የማውቀው እኔ፣ የሰማሁት በሳምንቱ! «ሆዱ እንዳይባባ» ብላችሁ። የአባዬንም እንዲያው አደረጋችሁኝ፤ ከሰልስቱ በኋላ ደረስኩ፤ ምንም አላልኩም። እናንተ ስታዝኑልኝ ነው፤ ይገባኛል። ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ያንቺን ደግሞ እንዲሁ ልሰማው አልችልም።

አሁን አድምጪኝ። ኦፕራሲዮኑ ጧት 2 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወዲህ ምግብ የለም፤ ወተትም እንደ ምግብ ይቆጠራል። ንጹሕ ውሃ ግን ሐኪሙ ካልከለከለሽ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ትጠጫለሽ፤ እንደ ፆም ቀን ጉሮሮሽን አድርቀሽ አትሂጂ። ያኔ መታወክሽን ራስሽ ንገሪያቸው፤ አትፈሪ፣ አይስቁብሽም፣ ይጠነቀቁልሻል። መነጽርሽን እህቴ ትያዝ፣ እንደነቃሽ ታድርግልሽ፣ በቀኝሽ ትቁም። ጋቢሽንም ታምጣ፤ የባሕር ዳር ሙቀት አያታልላችሁ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ሰውነት ይቀዘቅዛል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ነገር ቢቀላቀልብሽ፣ ያለሽበትን ብትረሺ፣ አትደንግጡ፤ ለነርሷ ንገሯት፣ ቀን መስኮቱን ከፍታችሁ ብርሃን አስገቡ፣ ሌሊት ደግሞ ተኚ።

ቀኑን ሲቆርጡልሽ በዚያው ሰዓት ደውዪልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ በዋዜማው እንድደርስ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ልወቅ። ስትነቂ በቀኝ ጆሮሽ የምጠራሽ እኔ ልሁን።

ልጅሽ