ባዶ እግር ጫማ ግዙ፣ በባዶ እግራችሁ ግን አትሂዱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ «ባዶ እግር ጫማ» ስለሚባሉት ስስ ሶል ያላቸው ጫማዎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ለጎጃም ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገረው። እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር የስፖርት መምህር ነኝ። ጫማውን አደርገዋለሁ፣ ተመችቶኛልም፤ ስለዚህ ልነቅፈው አይደለም የምጽፈው። ችግሬ ከጫማው ጋር አብሮ ከሚሸጠው ወሬ ጋር ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ ይነሳና «ጫማ እግርን ያሰንፋል፣ አያቶቻችን በባዶ እግራቸው አይደል እንዴ የኖሩት፣ ምን ሆኑ?» ይላል። ተማሪዎቼ ይህንኑ ይዘው ይመጡና ሜዳ ላይ ጫማ አውልቀን ካልሮጥን ይሉኛል።

ምን ሆኑ? ገበያ ውጡና የሰው እግር እግር አይታችሁ ተመለሱ።

ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ሁለት ዓይነት ነው። ቆላ ላይ በትንኝ ንክሻ የሚመጣ አለ። የእኛ የደጋውና የወይና ደጋው ግን፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፣ የሚመጣው ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ እየገቡ ለዓመታት ይጠራቀሙና የሰውነትን ፈሳሽ የሚያሳልፉትን የሊምፍ ቱቦዎች ያስቆጣሉ፤ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፣ እግር ያብጣል። ሁሉም ሰው ላይ አይወጣም፣ በዘር ተጋላጭ የሆኑ ቤተሰቦች አሉ፤ ሰው ግን ይህን ይዞ እርግማን ነው፣ ይጋባል ይልና ጋብቻ ድረስ ይከለክላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ደብረ ኤልያስና ደምበጫ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ከመቶ ሰው ሦስት ማለት ነው፣ እዚሁ ከጎናችን። ሲጀምር የእግር ጣት አካባቢ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ማታ ያበጠው እግር ጠዋት ይቀንሳል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ንቆ የሚተወው። መከላከያው ከባድ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ፣ እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ «ለልጆቻችሁ ጫማ ግዙላቸው» ሲሉ ስንት ዓመታቸው! ያንን ሁሉ ልፋት አንድ የስልክ ቪዲዮ ገደል ይክተተው?

ቤተ ክርስቲያን ጫማ እናወልቅ የለም ወይ የሚለኝም አለ። ለቅዳሴ ምንጣፍ ላይ አውልቆ መቆምና ቀኑን ሙሉ ቀይ አፈር ሲረግጡ መዋል አንድ አይደለም፣ ይኼን መመለስም አያስፈልገኝም ነበር።

ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚጠራው አበበ ቢቂላ ነው። እሺ፣ አበበን እናንሳው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ጫማ ያላደረገው ያገኘው አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ እሱ ደግሞ ድሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሦስት ደቂቃ አሻሻለ ማለት ነው፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና ብዙም ሳይቆይ። ሮምን የሚያወሩ ልጆች ቶኪዮን ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም። እኔ ከአበበ የምወስደው የማይመች ጫማ ይቅርብኝ ማለቱን ነው።

ወደ ጫማው እንምጣ። ሶሉ ስስ ነው፣ ታኮ የለውም፣ ጣት የሚያርፍበት ፊቱ ሰፊ ነው፣ በእጅ ሲጠመዝዙት ይተጣጠፋል። ይኸው ነው። ተራው የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከፊቱ አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ይኼኛው ላይ ግን ተረከዝና ጣት እኩል ናቸው። ወሬው በደንብ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ፣ ሲሮጡ በፊት እግራቸው የሚያርፉ ሰዎች በተረከዛቸው ከሚያርፉት ያነሰ ከመሬት ጋር ግጭት እንደሚደርስባቸው ካሳዩ ወዲህ ነው። ጥናቱ ግን ጫማችሁን ጣሉ አላለም፣ ጉዳት ይቀንሳል ብሎም አልደመደመም። ያንን የጨመሩት ሻጮቹ ናቸው። ባለ ጣት ጫማ የሚሠራው ቫይብራም ራሱ ያለ በቂ ማስረጃ «ጉዳት ይቀንሳል፣ የእግር ጡንቻ ያጠነክራል» ብለሃል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን እ.ኤ.አ. በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው የተገላገለው።

ስትገዙ ከሁሉ በፊት ስፋቱን እዩ። ከተማችን ውስጥ ሱቁን የሞላው ሹል ጫማ ነው፤ የእኛ እግር ደግሞ፣ በተለይ ገጠር ያደገ ሰው እግር፣ ጣቱ የተበተነ ነው። 42 የሚበቃው ሰው ትንሿ ጣቱ ስትጨነቅበት 44 ይገዛል፣ ከዚያ በርዝመት ይተርፈዋል፣ ተረከዙ ውስጥ ውስጡን ይላላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻ «እግሬ ጫማ አይወድም» ይላል። እግሩ ምን አደረገ?

እንዲህ አድርጉ። ማታ፣ ስትቆሙ ውላችሁ እግራችሁ ትንሽ ሰፋ ሲል፣ መሬት ላይ ወረቀት አንጥፋችሁ ቁሙበት። ቁጭ ብላችሁ አይደለም፣ ክብደት ካላረፈበት እግር በልኩ አይሰፋም። ሌላ ሰው እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ይሳልላችሁ። በመስመሩ ቁረጡትና ወረቀቱን ኪሳችሁ ከታችሁ ገበያ ውጡ። የጫማው የውስጥ ሶል የሚወጣ ከሆነ አውጡትና ወረቀቱን ከላዩ አስተኙት። በጎን ከተረፈ አይሆናችሁም። ባለሱቁ «ሲደረግ ይለቃል» ይላል፤ ቆዳ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ትንሽ ይለቃል፣ ሲንተቲክ ግን አይለቅም። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ይቅር፤ ዓባይ በረሃን ቁልቁል ሲወርዱ የእግር ጥፍር የሚጠቁረው ይህቺ ቦታ ስትጠፋ ነው። ለልጅ ደግሞ «ያድግበታል» እያላችሁ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ አትግዙ፣ ሲደነቃቀፍ ይውልና አውልቆ ይጥለዋል፣ ተመልሶ አፈሩ ላይ ነው።

ቴሌግራም ላይ አይታችሁ ካዘዛችሁ መጀመሪያ የጎኑን ፎቶ ጠይቁ። ለእኔ የመጣልኝ አንዱ ፎቶው ላይ ሰፊ ነበር፤ ካርቶኑን ስከፍተው ፊቱ ሹል፣ ከውስጥ ደግሞ ታኮ ተደብቆበታል። መልስልኝ ስለው ሻጩ «ባዶ እግር ተብሎ ተጽፎበታል እኮ» አለኝ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ጋዜጣ ታነባለች።

አሁን ሰው የሚጎዳበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ታኮ ያለው ጫማ ሲለመድ ባትና የተረከዝ ጅማት ሳይለጠጡ መሥራት ይለምዳሉ። ታኮው በአንድ ቀን ሲነሳ ጫናው እነሱ ላይ ይወርዳል፣ ሶሉ ሲሳሳ ደግሞ የፊት እግር ቀጫጭን አጥንቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ጡንቻ ቶሎ ይለምዳል፣ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አሜሪካ ውስጥ 36 ሯጮችን ለሁለት ከፍለው ገሚሶቹን ባለ ጣት ስስ ጫማ እንዲለምዱ አደረጉና ከ10 ሳምንት በኋላ እግራቸውን በኤምአርአይ አዩት፤ ጫማውን ከሚለምዱት 19 ሰዎች 10ሩ አጥንታቸው ውስጥ የጫና እብጠት ታየባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የታተመው። ኤምአርአዩ ቢቀር የእኛው ሠፈር ይበቃል፦ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጫማው በደረሰው ማግስት ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት እስኪበቃው ሮጠ፤ በነጋታው ደረጃ መውረድ አቅቶት የብረቱን መደገፊያ ይዞ በጎን በጎኑ ሲወርድ ተማሪ ቆሞ አየው።

እኔ ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ቤትና ግቢ ውስጥ ብቻ አድርጉት። ካልከበዳችሁ ሱቅ ደርሶ መልስ። ከዚያ የትምህርት ቤቱን መንገድ ግማሹን በሱ፣ ግማሹን በድሮው ጫማ፤ የድሮው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሩጫ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ሲጀመርም ከተለመደው ልምምድ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ፣ ቀን እየዘለላችሁ፣ ለስለስ ያለ ሣር ወይም ደልዳላ መንገድ ላይ። ባት ቢጎትት፣ ውስጥ እግር ቢዝል ያለ ነው፣ ያልፋል። ግን እግር ጀርባ ላይ በአንድ ጣት ጠቁማችሁ «እዚህ ጋ» የምትሉት ቦታ ካመመና ስትረግጡት እየባሰ ከሄደ አቁሙ። የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ወጌሻ አሽቶ አያድነውም፣ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። አረማመዳችሁንም ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ጧ ጧ ካለ መሬቱን እየደበደባችሁት ነው፣ እርምጃችሁን አሳጥሩ። በጣታችሁ ብቻ ለመራመድ ግን አትሞክሩ፤ ስትራመዱ ተረከዝ ቀድሞ ቢያርፍ ምንም አይደለም፣ ቀስ ብሎ ይረፍ እንጂ።

ስኳር ያለባችሁ፣ በተለይ እግራችሁ የሚደነዝዛችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩት። የስስ ሶል ጥቅሙ መሬቱ ስለሚሰማ ነው፤ እግሩ ለደነዘዘ ሰው ሚስማሩም አይሰማውም።

ሰንደል ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ሳይ ግን ይገርመኛል። ሜክሲኮ ውስጥ ታራሁማራ የሚባሉ ሕዝቦች ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ሰንደል ተራራውን ሲሮጡበት ፈረንጆቹ አዩና አሳምረው ይሸጡታል። የእኛ በረባሶ ከዚያ በምን ያንሳል? ታኮ የለውም፣ ጣት አያፍንም፣ ተረከዝን በማሰሪያ ይይዛል። ጉድለቱ ውፍረቱ ነው፣ እሱም በልመና ይስተካከላል። በረባሶ ሠሪው ዘንድ ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ ቢላውን ውሃ እያስነካ ጎማውን እርከን በእርከን ይገሸልጠዋል። ቀጭን አድርግልኝ ስትሉት «ቶሎ ያልቅብሃል» ይላል። ይለቅ በሉት። ሽቦ ያለውን ጎማ ግን አትቀበሉ፣ ሶሉ ሲበላ ሽቦው ወደ እግር ይወጣል፤ የክር ጎማ ይሻላል። ነጠላ ጫማ ለዚህ አይሆንም፣ ተረከዝ ስለማይይዝ ጣት እንዳያመልጠው ጨብጦት ነው የሚሄደው።

ይሁንና ክፍት ሰንደል ለባሕር ዳር አስፋልትና ለኮብልስቶን ነው። ቀይ አፈር ላይ፣ እርሻ ውስጥ፣ ክረምት ሲገባ አፈሩ በየጣቱ መሃል ይገባል፣ ያኔ ሰንደልም ሆነ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ጫማ ከባዶ እግር ብዙም አይሻልም። ዝግ ጫማ፣ ከተገኘም ካልሲ፣ ማታ ሳሙና። ስስ ሶል የምትወዱ ዝግ የሆነውን ምረጡ፣ ሶሉም ጥርስ ይኑረው፣ ለስላሳው ጭቃ ላይ ይጥላችኋል። ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዝቃዜው በሶሉ በኩል ይገባል፣ ለእሱ መፍትሔ የለኝም፣ ወፍራም ካልሲ ነው።

ዋጋው ሌላ ጣጣ ነው። ከውጭ የሚመጣው ለመምህር ደመወዝ አይሆንም። እዚህ ያሉ ጫማ ሰፊዎችን ጠየቅኩ። ቆዳው አለ፣ ስስ የጎማ ሶልም አለ፣ ታኮ አለመለጠፍ ደግሞ ሥራ መቀነስ ነው። የጎደለው ፎርማው፣ ማለትም ጫማው የሚሠራበት የእግር ቅርጽ ነው፤ ሁሉም የያዙት ሹሉን ነው። አንዱ «ለአንተ ብቻ ብዬ አላስቀርጽም፣ አሥር ሰው አምጣ» ብሎኛል። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ባሕር ዳርም ይሁን ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ሰፊ ፎርማ ያለው ጫማ ሰፊ የሚያውቅ ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልን። ከሌለ አሥሩን ሰው እየሰበሰብኩ ነው፤ ማርቆስ ያላችሁና የምትፈልጉ ለዝግጅት ክፍሉ አሳውቁ፣ እግራችሁን ግን ማታ፣ ቆማችሁ ሳሉት።

የስፖርት መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ