ለአባዬ፦ ከብርድ ልብሱ በፊት ኮፍያውን

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ሆዴ ገፍቷል፣ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል፣ ከዚያ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሐኪሟም ሁሉም ነገር ጥሩ ነው ብላኛለች።

ባለፈው በስልክ ያልከኝን ከዚያ ቀን ጀምሮ እያሰብኩት ነው። «ለልጁ በእጄ የሆነ ነገር ልሠራለት እፈልጋለሁ፤ እንጨት ግን አሁን ከብዶኛል» አልከኝ። ትንሽ ዝም ብለህ ቆየህና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ኪሮሽ ለወንድ ይሆናል?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ተቻኩዬ «እንዴታ!» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ይኼ መልስ አይበቃም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

ይሆናል አባዬ። በደንብ ይሆናል። ዕድሜህን ሙሉ ስትለካ፣ ስታሰምር፣ ስትቆጥር የኖርክ ሰው ነህ። ኪሮሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቁጥር ነው። ዲዛይን የሚሉት ነገር አንተ ቁም ሣጥን ከመሥራትህ በፊት ወረቀት ላይ የምትነድፈው ዓይነት ነው። ምን ያህል ዓይን (በመንጠቆው የምትሠራት አንዷ ቋጠሮ ዓይን ትባላለች)፣ በስንተኛው ዙር፣ የት ይጨመራል፣ የት ይቆማል፤ ይኼ ብቻ ነው። አንድ መንጠቆ፣ አንድ ክር። ስትሳሳት ክሩን ሳብ ታደርገዋለህ፣ ይፈታል፣ እንደገና ትጀምራለህ። በስህተት የተቆረጠ ሳንቃ ግን ተመልሶ እንደማይገጥም ከኔ በላይ አንተ ታውቃለህ።

አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። በብርድ ልብስ አትጀምር።

እኔ በእሱ ነው የጀመርኩት። 120 ሰንሰለት፣ ማለትም ሥራው የሚጀመርበትን የክር ሹሩባ፣ ሠራሁና በየምሽቱ እየደጋገምኩ ወደ ላይ ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳየው ታቹ ሰፊ፣ ላዩ ጠባብ ሆኗል። ብቆጥረው 120 የነበረው 97 ሆኗል። ረድፍ በጨረስኩ ቁጥር ማለት ይቻላል የመጨረሻዋን ዓይን እየዘለልኩ ነበር። ያቺ ዓይን ተደብቃ ነው የምትቀመጠው። ድርብ በሚባለው አሠራር ረድፉን የምትጀምረው በ3 ሰንሰለት ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ እንደ አንድ ዓይን ይቆጠራሉ። ዞረህ ስትመለስ ግን ዓይን አይመስሉም። ጠርዝ ላይ የቀረ ትርፍ ክር ነው የሚመስሉት። እኔም ትርፍ መስለውኝ አለፍኳቸው። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ፈታሁት። በዚያ ምሽት ማልቀሴን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ።

ኮፍያ የጎን ጠርዝ የለውም። ከአናቱ ይጀምራል፣ እየዞረ ይሰፋል፣ ከዚያ እየዞረ ይወርዳል። የምትደበቅ የመጨረሻ ዓይን የለችም። አንድ ባለ 50 ግራም ጥቅል ክር ከበቂ በላይ ነው። ባይሆንልህ እንኳ የምትፈታው የሁለት ምሽት ሥራ ነው።

ክሩን ስትመርጥ በመዳፍህ አትፈትነው። መዳፍህ ስንት ዓመት መጋዝ የያዘ ነው፤ የሚኮሰኩሰውን ከለስላሳው አይለይልህም። አንገትህ ላይ አሸት አድርገው። እዚያ ካሳከከህ ልጁንም ያሳክከዋል። ጥጥ ጥሩ ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ ግን እንደ ሱፍ አይሳብም። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ቀላል ነው፣ መታጠብ አያስቸግርም፣ ለጀማሪ እጅም ይመቻል፤ የጋለ ካውያ ብቻ እንዳይነካው። የበግ ሱፍ ከሆነ በማሽን የሚታጠብ መሆኑ ወረቀቱ ላይ የተጻፈበትን ፈልግ፤ ያለዚያ አንድ ጊዜ ሙቅ ውኃ ሲነካው ይኮማተርና ይጠጥራል። ጸጉራም የሆነውን ክር ተወው፣ ምንም ቢያምርህ። ጸጉሩ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ይገባል፣ አንተም ዓይኖቹን ለይተህ አታያቸውም። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊም አትግዛ። ነጣ ያለ፣ ያልተዝጎረጎረ ቀለም ይሁን፤ መነጽርህም አያስቸግርህ።

ጥቅሉ ላይ ባለው ወረቀት ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ የክር ጥቅል ሥዕል ትኖራለች፣ በላይዋ ከ0 እስከ 7 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ተጽፏል። የክሩ ውፍረት ነው። አንተ 3 ቁጥሩን ፈልግ። ከአንድ ጥቅል በላይ የምትገዛ ከሆነ አብረው የተነከሩበት መለያ ቁጥር (ሎት የሚባለው) አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከት። ያው አንድ ቀለም ሆኖ በተለያየ ጊዜ ከተነከረ ጎን ለጎን ሲሆን ልዩነቱ ይታያል። መንጠቆው 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። እጀታው ጎማ የለበሰውን ውሰድ፤ ጣቶችህ ጠዋት ጠዋት እንደሚደርቁብህ አልረሳሁም። እንደ እርሳስ ብትይዘው ይመችሃል ብዬ አስባለሁ። ከመጀመርህ በፊት እጅህን ቅባት ተቀባና እስኪገባ ጠብቅ፣ አለበለዚያ ክሩ ይይዝሃል። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ አስቀምጠህ ጣቶችህን አፍታታ።

አሁን ወደ እጁ ሥራ። የምትላላ ቋጠሮ አስረህ መንጠቆው ላይ አግባ። ክሩን መንጠቆው ላይ ጠምጥምና በቋጠሮዋ ውስጥ ስበህ አውጣ። አንድ ሰንሰለት ሆነ። ደጋግመው። ከላይ ስታየው ልክ እንደ ሹሩባ ነው። ይኼን ሹሩባ ዓይንህ እስኪለምደው ድረስ ሌላ ነገር አትሞክር፤ አንድ ምሽት ሙሉ ሰንሰለት ብቻ ብትሠራ ጊዜህ አልባከነም። ወደፊት የምትቆጥረው እነዚህን የሹሩባ ፈትሎች ነው፤ አንዷ ፈትል አንድ ዓይን ናት። መንጠቆው ላይ ያለችው ግን አትቆጠርም።

ለኮፍያው የምትፈልገው ግማሽ ድርብ የሚባለውን ነው። መጀመሪያ ክሩን አንዴ መንጠቆው ላይ ጠምጥም። መንጠቆውን በዓይኗ ሁለት ክሮች ሥር አስገባ። ክር ይዘህ ውጣ። አሁን መንጠቆው ላይ ሦስት ዙር ክር ተደርድሯል። እንደገና ጠምጥምና በሦስቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ሳብ። በቃ። ከመጠምጠሙ ይልቅ ያቺ የመጨረሻዋ መሳብ ነች የምታስቸግረው። ሦስቱ ዙሮች ጠብቀው ከሆነ መንጠቆው አያልፍም። አንተ የሠራኸውን ነገር ሁሉ አጥብቀህ የምታስር ሰው ስለሆንክ ይኼ መድረሱ አይቀርም። ክሩን ጣቶችህ መሃል ላላ አድርገው። እምቢ ካለህ 4.5 መንጠቆ ውሰድ።

ኮፍያው እንዲህ ነው። 4 ሰንሰለት ሠርተህ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር አገናኝ፤ ትንሽ ቀለበት ይሆናል። 2 ሰንሰለት ወደ ላይ ውጣ፤ እነዚህን አትቁጠራቸው። በቀለበቱ ውስጥ 9 ግማሽ ድርብ ሥራ። ሁለተኛው ዙር ላይ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ሁለት ሁለት፣ 18 ይሆናል። ሦስተኛው ላይ በአንዱ ዓይን አንድ፣ በቀጣዩ ሁለት እያልክ 27። አራተኛው ላይ በሁለት ዓይኖች አንድ አንድ፣ በሦስተኛው ሁለት እያልክ 36። መንገዱ ገብቶሃል፦ በየዙሩ 9 ትጨምራለህ፣ በስድስተኛው 54 ትደርሳለህ። ከዚያ በኋላ መጨመር የለም። በየዓይኑ አንድ አንድ ብቻ እየሠራህ ዙር፤ ከአናቱ መሃል እስከ ጠርዙ 14 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አቁም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ዙሮቹን አታገናኛቸውም፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ዝም ብለው ይቀጥላሉ። ስለዚህ የዙሩ መጀመሪያ እንዳይጠፋህ ሌላ ቀለም ያላት ብጣሽ ክር እዚያች ዓይን ላይ አንጠልጥል፣ በየዙሩ ወደ ላይ እያወጣሃት ሂድ።

ከኮፍያው በፊት ግን ናሙና ሥራ። «ሳትለካ አትቁረጥ» ስትለኝ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው። በግማሽ ድርብ የመዳፍህን ያህል ጠፍጣፋ ነገር ሥራና ማስመሪያ አስቀምጥበት። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16 ዓይን ካለ ልኩ መጣ፤ 54ቱ ዓይን ወደ 34 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ይሰጥሃል። የአዲስ ሕፃን ጭንቅላት 35 ገደማ ነው፣ ኮፍያው ትንሽ ጠበብ ብሎ ነው የሚይዘው። 19 ዓይን ከሆነብህ ጠብቋል፣ መንጠቆውን አሳድግ። ሕፃን ደግሞ ቶሎ ነው የሚያድገው፤ በስድስት ወሩ 42፣ 43 ይደርሳል። ለሁለተኛው ኮፍያ አንድ የመጨመሪያ ዙር ጨምርና 63 አድርሰው፤ ወደ 39 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሂሳቡን ስሠራ አንተን እያሰብኩ ነበር።

ሌሎች ዲዛይኖች መፈለግህ አይቀርም፣ ብዙዎቹም በእንግሊዝኛ ናቸው። አትፍራቸው። በምልክት የተሣሉትን ምረጥ፤ ቋንቋ አያስፈልጋቸውም። ሞላላ ክብ ሰንሰለት ነው። የመደመር ምልክት ነጠላ ነው፣ ከግማሽ ድርብ የሚያጥረው ዓይን። መዶሻ የሚመስለው ግማሽ ድርብ ነው፤ መዶሻው እጀታ ላይ አንድ ሰረዝ ካረፈበት ድርብ ነው። በጽሑፍ ከሆነ ግን አንድ ወጥመድ አለ። አሜሪካኖቹ «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን እንግሊዞቹ «ደብል ክሮሼ» ይሉታል። የአሜሪካኖቹ «ደብል» ደግሞ ለእንግሊዞቹ «ትሬብል» ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ቁመት። «ሲንግል» የሚል ቃል ካየህ አሜሪካዊ ነው፣ እንግሊዞቹ በዚህ ስም የሚጠሩት የላቸውም። ኮከብ ምልክት ካየህ ደግሞ «ከዚህ ጀምረህ ድገም» ማለት ነው። በረድፉ መጨረሻ በቅንፍ የምትቀመጠው ቁጥር ጠቅላላ የዓይኑ ብዛት ናት። እሷን አትለፋት። ያንን ብርድ ልብስ ስሠራ ያላየኋት እሷን ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርህ። ሱቅ ውስጥ ያየኸው ኮፍያ ጆሮ ላይ የሚታሰር ረጅም ማሰሪያ ነበረው፤ «እንዲህ ዓይነት» ብለኸኝ ነበር። ማሰሪያ አታድርግበት አባዬ። አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ቁልፍም፣ ዶቃም አትስፋበት፤ ይበጠስና አፍ ውስጥ ይገባል። አሻንጉሊት ብትሠራ ዓይኑን በክር ጥለፈው፣ በፕላስቲክ ዓይን አይሁን። የእግር ሹራብ ከሠራህ መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥ ገልብጠህ ጣትህን አስገብተህ ዳስስ። የተንጠለጠለች ክር ካለች የሕፃኑን የእግር ጣት ጠምጥማ ደሙን ልታቆመው ትችላለች፤ እሱ ደግሞ ከማልቀስ በቀር አይናገርም። ስትጨርስ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር አስተርፈህ ቁረጥና በመርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አመላልሰህ ቅበረው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ በእጥበት ተስቦ ይወጣል።

ኮፍያውን ውጭ ስንወጣ እንጂ ቤት ውስጥ ሲተኛ አናደርግለትም። ሕፃን ሙቀቱን የሚያስወጣው በጭንቅላቱ ጭምር ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ይኼንኑ ይመክራል። ብርድ ልብስም እስከ አንድ ዓመት ድረስ አልጋው ውስጥ አይገባም። አሁን የምነግርህ በኋላ «የሠራሁትን አላለበሱትም» ብለህ እንዳይከፋህ ነው። ብርድ ልብሱን ታቅፌው ስቀመጥ አለብሰዋለሁ፣ መሬት ላይ ሲንፏቀቅ አነጥፍለታለሁ። ያኔም ቢሆን ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ይሁን፤ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ትንንሽ ጣቶች ይገቡበታል።

ደግሞ አንድ የሰማሁት ነገር። እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንማርክ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ከጥጥ ክር ትንንሽ ኦክቶፐስ በኪሮሽ የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ነበር። ጠምዛዛ እግሮቹን ሕፃናቱ እንደ እትብት ይጨብጧቸዋል ብለው ነው። ይኼን ሳነብ እነዚያ ትንንሽ እጆች ታዩኝ፣ ከዚያ ደግሞ የአንተ እጆች ታዩኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ልነግርህ ፈለግኩ።

ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ጥቅል ልኬልሃለሁ። ክር አለበት፣ 4 ሚሊ ሜትር መንጠቆ አለበት፣ ዙሮቹን በትልልቅ ቁጥር የጻፍኩበት ወረቀትም አለ። ኮፍያውን እኔ ጀምሬዋለሁ። መንጠቆውን ከክሩ ላይ አላወጣሁትም፤ ስትከፍተው እንዳይፈታብህ ቀስ በል። ሁለተኛው ዙር ላይ ነኝ፣ ቀይዋን ብጣሽ ክር ታያታለህ። 17 ሠርቻለሁ። አሥራ ስምንተኛዋ ያንተ ናት።

ልጅህ