አራት ዓመት ያልደወልኩልሽ

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ አደጉ? እኔ፣ የፈጣሪ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ሁሌ "ያቺ ልጅ የት ጠፋች?" ትለኛለች። የምመልስላት የለኝም።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ የአክስትሽ ልጅ ነገ ማታ ወደ እናንተ ስለምትበር ነው። በስልክ መላክ አልችልም። መጀመሪያ ብሎክ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በፌስቡክም በቴሌግራምም። እሱን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት በካዛንቺስ አለፍኩ። የጋዜጣችን ቢሮ የነበረበት ሕንፃ የለም። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ታች የነበረችው ቡና ቤትም የለችም። ቆሜ ቦታውን ልለየው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ አልሽ።

ዋና አዘጋጃችን ትዝ ይልሻል? ዜና ይዘን ስንገባ ርዕሱን እንኳ ሳያይ "ማን ነገረሽ?" ይል ነበር። እንነግረዋለን። "ሌላስ ማን አለ?" ይላል። ሌላ ሰው ከሌለ ወረቀቱን መልሶ ይገፋልናል። አንድ ሐሙስ አንቺ ለአንዲት የሟቾች ቁጥር ብለሽ ከሰዓቱን ሙሉ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትደውዪ ዋልሽ፣ እኛ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተራችን ሊያልፍ ነው ብለን እንቁነጠነጣለን። ቁጥሩ በመጨረሻ ከያዝነው በሁለት አነሰ። ለሁለት ሰው ነው ያን ሁሉ የደከምሽው። ያኔ ነገሩ ብዙም አልከበደኝም ነበር፣ ዛሬ ይከብደኛል።

ጋዜጣ እኮ ብርቅ ነበር። ተማሪ ሳለን፣ በምርጫ 97 ሰሞን፣ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበው ሕዝብ! ሳንቲም ይከፍላል፣ አንብቦ ለአዟሪው ይመልሳል፣ ቀጣዩ ይቀበላል።

ከዚያ ፌስቡክ መጣ። ከልቤ ነው የወደድኩት። ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ የምናውቃቸው ልጆች ሲሰደዱ፣ መተንፈሻ የቀረን እዚያ ነበር። የዞን 9 ልጆች፣ እነዚያ በኢንተርኔት የሚጽፉት ጦማርያን፣ "ስለሚያገባን እንጦምራለን" ሲሉ የኛን ቃል የተናገሩልን ነበር የመሰለኝ። ሚያዝያ 2006 ስድስቱ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ አብረን አልቆምንም? በማግስቱ ጋዜጣ የማይጽፈውን ነገር ሰው ከየስልኩ ይጽፈው ነበር። ዛሬም ያንን አላማውም። ማኅበራዊ ሚዲያ ክፉ ነው የሚለኝን ሰው አልስማማበትም።

እንዲያውም ታናሽ እህቴን ብታያት። ሱቅ የላትም። የሕፃናት ልብስ በቴሌግራም ነው የምትሸጠው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ነጭ አንሶላ ታነጥፋለች፣ ትንንሾቹን ቱታዎች አንድ በአንድ ዘርግታ ፎቶ ታነሳለች፣ ዋጋውን ትጽፋለች። ወዲያው ስልኳ ይንጫጫል። "የስንት ዓመት ነው?" "አያት ድረስ ታደርሳላችሁ?" ቴሌብር ሲገባ ታሽጋለች፣ ሞተረኛው ይወስዳል። በዚህ ሥራ ነው ልጇን የምታስተምረው። የካቲት 2015 ፌስቡክና ቴሌግራም ሲዘጉ አምስት ወር ያህል በቪፒኤን እየተንገታገተች ነው ያለፈችው። ያን ጊዜ መዘጋቱን የፖለቲካ ወሬ አድርጎ ያወራ ሰው ሁሉ የሷን አንሶላ ቢያይ እላለሁ።

አንድ ቀን አንዱ የተቀነባበረ ደረሰኝ በስክሪን ሹት ልኮ ሦስት ልብስ ወሰደባት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ግን የብሩ መልእክት በራሷ ስልክ ካልገባ አታሽግም። ደንበኛው ቢቆጣ፣ ቢለማመጥ፣ "ልኬያለሁ እኮ" ቢል ወይ ፍንክች። "እኔ ጋ አልገባም፣ ትንሽ እንጠብቅ" ትላለች በትህትና። እየሰማኋት ደነገጥኩ። የአዘጋጃችን ጥያቄ እኮ ነው! እሷ ለሦስት ቱታ የምትጠይቀውን እኔ ላንቺ አልጠየቅኩም።

ወደዚያው ልምጣ።

ኅዳር 2014። የትግራዩ ጦርነት ወደ መሀል አገር እየገፋ ነበር፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ ስልኬን ከእጄ አልለይም። የተቃጠለ ቤትና ደጁ ላይ የቆሙ ሴቶች ፎቶ መጣልኝ። "ትናንት" ይላል። የራሴን ቃል ጨምሬ ሼር አደረግኩት። አንቺ ከሥሩ ጻፍሽ፦ "ይሄን ፎቶ ድሮ አይቼዋለሁ፣ የሌላ አገር ነው። እስቲ አጣሪ።" በቃ። ስድብ የለበት፣ ክርክር የለበት። እዚያ ካዛንቺስ ጠረጴዛ ላይ የምንባባለውን ነው ያልሽኝ።

ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን የማን ወገን እንደሆንሽ አሁን ገባኝ ብዬ መለስኩልሽ። እናትሽ አድዋ እንደተወለዱ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ነኝ እዚያ የጻፍኩት። ሰው ተግተልትሎ ሰደበሽ፣ እሳቸውን ሰደበ፣ እያየሁ አላጠፋሁም። አንቺ አሜሪካ ነሽ። እሳቸው ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ትግርኛ ተናጋሪ ከየቤቱ በሚወሰድበት ሰሞን፣ ብቻቸውን ነበሩ። ያንን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል። ምንም አልደረሰባቸውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ስለተጠነቀቅኩ ግን አይደለም።

ያኔ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ባሕር ዳር ውስጥ ምን እንደሆነ በኋላ ነው ያነበብኩት። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ የትግራይ ተወላጅ፣ የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር። ፎቶአቸውን፣ ስማቸውን፣ የሚሠሩበትን ሰዎች ፌስቡክ ላይ አወጡት። ልጃቸው ለድርጅቱ አመልክቻለሁ ይላል፣ ፖስቱ ግን አልወረደም። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ልጁ ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፣ መጋቢት 2017 የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ። ይጠየቁ፣ ደስ ይለኛል። ቁጣ የቀሰቀሰውን ሁሉ ከፍ አድርጎ ለሰው የሚያሳይ ማሽን የሠሩት እነሱ ናቸው። ግን እያነበብኩ ስለ ድርጅቱ አልነበረም የማስበው። ያንን ፖስት ሼር ካደረጉት መሀል ስንቱ እንደኔ ራሱን ደህና ሰው ነኝ ብሎ ያስብ ነበር? እኔስ የእናትሽን አገር ስጽፍ ከዚያ በምን ተለየሁ?

ሥራውን እንደተውኩ ሰምተሽ ይሆናል። ዛሬ ባለሥልጣኑ መግለጫውን ገጹ ላይ ይለጥፋል፣ ሪፖርተሩ ይገለብጣል፣ የሚጠይቅ የለም። ዩቲዩቡ ደግሞ ሁሉ ነገር "ሰበር" ነው። ቢሆንም ዛሬም ደውለው የሚያጣሩ ወጣቶች አሉ፣ አንዳንዶቹ አንቺን ያስታውሱኛል።

ትናንት ማታ ያንን ፖስት ፈልጌ አገኘሁት። ስለ እናትሽ የጻፍኩትን ከነስድቡ አጠፋሁ። ፎቶውን ሳጣራው እንዳልሽው ነው፣ የሌላ አገር፣ የቆየ። ከላይ "እርማት" ብዬ ጻፍኩበት፣ ድሮ ገጽ ሁለት ላይ እንደምናወጣው፣ ጓደኛዬ በወቅቱ ነግራኝ ነበር ብዬ። ሁለት ሰው ነው ላይክ ያደረገው። የመጀመሪያውን ግን ሦስት መቶ ምናምን ሰው ሼር አድርጎታል። እነሱን የት ላግኛቸው?

እናትሽ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ ደስ ይለኛል። አንቺ ሳትፈቅጂ ግን አልሄድም። ከፈቀድሽልኝ ደውዪልኝ፣ ካልፈቀድሽም ደውለሽ ንገሪኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንቺው