ወንጀለኞቹ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሆኑ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ወንጀለኞችን ዋና ገጸ ባሕርይ የሚያደርጉ ኮሚኮች (በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች) ልጆችን ያበላሻሉ የሚል አስተያየት አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የኮሚክ ደንብ ወንጀለኛ ሁሌም እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። የባትማን ባላጋራ የሆነው ጆከር እ.ኤ.አ. በ1975 የራሱ መጽሔት ቢወጣለትም መሸነፉ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። መጽሔቱም በዘጠኝ ቁጥር ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው «ተንደርቦልትስ» የተባለው ኮሚክ ግን ሌላ ነው። አዳዲስ ጀግኖች ሰው ያድናሉ፣ ሕዝቡም ያደንቃቸዋል። በመጀመሪያው ቁጥር መጨረሻ ላይ ጉዱ ይወጣል፤ ለካ ጀግኖች መስለው የቀረቡት ወንጀለኛው ባሮን ዚሞና ግብረ አበሮቹ ናቸው! ልጄ እዚህ ስትደርስ «አባዬ፣ ቆይ!» ብላ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። የእያንዳንዱን ፊት በጣቷ እየነካች ፍንጭ ፈለገች።

ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከግብረ አበሮቹ መካከል ሶንግበርድን የመሰሉት ጀግና ማስመሰሉን ከልባቸው ወደዱት፤ ዚሞን ራሱን ተቃወሙ። በኋላ ሊመራቸው የመጣው ጀግናው ሀውክአይም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀምር የሌላው ጀግና የአይረን ማን ባላጋራ ነበር። ልጄ ስለ ዚሞ ተንኮል ብዙም አላወራችም። የጠየቀችኝ «ሶንግበርድን ይቅር ይሏታል?» ብላ ነው።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም አንባቢ ልጆችንም አነጋግሩ።

አንድ አባት