ለጉዞ ማኅበራችን አባላት፦ ስለ ኤጊና ደሴት የአንድ ቀን ጉዞ

ውድ አባላት፣

በመጪው ቅዳሜ ከአቴንስ ወደ ኤጊና በምናደርገው ጉዞ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ማርና የወተት ተዋጽኦ ፈጽሞ የማትመገብ እኅታችን አብራን ስለምትሄድ፣ የምሳውን ነገር ከወዲሁ እንድንስማማበት ይህን ጽፌላችኋለሁ። መርከቡ ከፒሬየስ ወደብ ይነሣል፤ በመደበኛው መርከብ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል።

በግሪክ ምግብ ቤት የጾም ምግብ ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ በጾም ስለሚበሉ፣ ከባሕር የሚወጣ ነገርም እንዳይኖርበት አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ፋቫ የሚሉት፣ ከቢጫ ክክ ተቀቅሎ ከላመ በኋላ የተከተፈ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ተጨምሮበት የሚቀርበው ምግብ፣ ለሽሮና ለክክ ወጥ ለለመደ አፍ እንግዳ አይሆንም። በቲማቲም ስልስ በምድጃ የበሰለው ትልልቅ ነጭ ቦሎቄና ሎሚ የተጨመቀበት የተቀቀለ ቅጠልም ያጠግባሉ። ሰላጣው ያለ አይብ ይታዘዝ፤ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ ግን አንዳንዴ የተፈጨ ሥጋ ስለሚገባበት ሳይጠየቅ አይቅረብ። እኅታችን ለብቻዋ በሌላ ሳህን ከምትገለል ሁላችንም ከዚሁ ማዕድ ብንቋደስ እመርጣለሁ።

ከምሳ በፊት በ500 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የተሠራውን፣ የጥንት ግሪኮች ሴት አምላክ የነበረችውን የአፋያን ቤተ መቅደስ በአውቶቡስ ሄደን እናያለን። ደሴቱ የታወቀበት ፒስታሽዮ (ለውዝ መሰል አረንጓዴ ፍሬ) ወደቡ ዳር ይሸጣል፤ ጣፋጮቹ ቅቤ ወይም ማር ሊኖርባቸው ስለሚችል ለእርሷ የተቆላውን ፍሬ መግዛት ይሻላል።