ጎርፉ ከጎደለ በኋላ የጉማራና የርብን ሁኔታ የሚነግረን አጥተናል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ ጋዜጣችሁም ሬዲዮውም ስለ ፎገራ፣ ስለ ሊቦ ከምከምና ስለ ደምቢያ ጎርፍ ትዘግባላችሁ። ስንት ቀበሌ በውሃ እንደተከበበ፣ ስንት ቤተሰብ ከቀዬው እንደተነሣ፣ ምን ያህል የሩዝ ማሳ በደለል እንደተዋጠ እንሰማለን፤ መዘገቡም ተገቢ ነው። ውሃው መጉደል በጀመረ ማግስት ግን ወሬውም አብሮ ይጎድላል። ለእኛ ለወንዝ ዳር ሰዎች የዓመቱ አስቸጋሪ ሳምንታት የሚጀምሩት ልክ ያን ጊዜ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። በታንኳ የሚሻገር፣ መረብ የሚጥል፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ባለፈው ሳምንት ጎርፍ እንደነበረ አይደለም፤ እሱንማ በዓይኑ አይቶታል። የሚፈልገው ወንዙ ዛሬ ጠዋት እንዴት እንዳደረ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገባበት ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። አባቴ በበጋ ያርስ፣ በክረምት ታንኳ ይቀዝፍ ነበር። እኔም መምህር ከሆንሁ በኋላ ከውሃው አልተለየሁም፤ ቅዳሜና እሑድ ዓሣ አጠምዳለሁ፣ ሙላት ሲሆን ደግሞ ጎረቤቶቼን አሻግራለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በሰው አንደበት የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ጉማራና ርብ ሁለቱም የሚነሡት ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። ሌሊት ጉና ላይ የጣለው ዝናብ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ልትወጣ ትችላለች፤ ለዚህም ነው ቀኑ ብራ መሆኑን አይቶ ወደ ውሃ የወረደ ሰው ደራሽ የሚያጋጥመው። ከዚያ ቁልቁለት በኋላ ወንዞቹ የሚያርፉት በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ጠፍጣፋ በመሆኑ ውሃው ይተኛል፣ የተሸከመውን አፈርም እዚያው ያወርዳል፤ የወንዞቹ ወለል ከዓመት ወደ ዓመት በደለል ከፍ እያለ የመጣውም ስለዚህ ነው። ሌላም ነገር አለ። የጣና ሐይቅ ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው በመስከረም ገደማ ነው። ወንዙ ከላይ መጉደል ቢጀምርም ሐይቁ ሞልቶ ከታች ስለሚገታው ውሃው መሄጃ ያጣል። የአባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ በሮች አከፋፈትም በሐይቁ ከፍታ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆሞ «ወንዙ ጎደለ» የሚል መንገደኛና ወንዙ ሐይቁን በሚነካበት ቦታ የሚቀዝፍ ሰው የሚያዩት አንድ ወንዝ አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ አንባቢ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ያን ጊዜ ድሬዳዋና ኦሞ ብዙ ሕይወት ስለጠፋ የጣና ዙሪያ ጉዳት ብዙም አልተወራለትም ነበር። በ2012 መጨረሻና በ2013 መግቢያ የደረሰውም ቀላል አልነበረም። እኔ ግን አብልጬ የማስታውሰው ከዚያ ከሁለተኛው ሙላት በኋላ ያለውን የመስከረም ሳምንት ነው። ውሃው ለሦስት ቀን በተከታታይ ጎድሎ ነበር። አማቼ ከነሁለት ተሳፋሪው ወደ ማዶ ሲቀዝፍ በሌላ ጊዜ ጥልቅ በሆነው መካከለኛ ቦታ ላይ ታንኳው ከውሃ በታች ከተጋደመ የሾላ ግንድ ጋር ተጋጨና ዞረ። ግንዱን ጎርፉ ከላይ ነቅሎ አምጥቶ ሥሩን በደለል ተክሎት፣ ቅርንጫፉን ወደ ሐይቁ አዙሮት ነበር። ውሃው እንደ ጭቃ ስለሆነ ከአንድ ክንድ በታች ምንም አይታይም። ሦስቱም በእግዚአብሔር ቸርነት ቅርንጫፉን ይዘው ቆይተው ተረፉ፤ ዕቃው ግን ሄደ። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚለውን አባባል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

ስለ ዳርቻው ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የወንዝ ዳር የሚናደው ውሃ ሲሞላ ይመስለናል። እኔ እስከማየው ድረስ ግን ብዙው የሚናደው ውሃው ፈጥኖ ሲጎድል ነው። አፈሩ ለቀናት ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሙሉው ወንዝ ደግሞ ከጎኑ ሆኖ ይደግፈው ነበር። ውሃው ዝቅ ሲል ድጋፉ ይሄዳል፣ ክብደቱ ይቀራል። ከሥሩም ጎርፉ ስለቦረቦረው ላይ ላዩን ሣር የለበሰና ጠንካራ የሚመስል ዳር ከነቆመበት ሰው ይወርዳል። መንጠቆ ይዘው ዳር ላይ የሚቀመጡ ልጆች፣ ውሃ የሚቀዱ እናቶች፣ ከብት የሚያጠጡ እረኞች በዚህ ሳምንት ከዳሩ ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መቆም አለባቸው። ይህን ለመንገር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የሚነግር ሰው ግን ያስፈልጋል።

ታንኳው ራሱም በዚህ ወቅት ደካማ ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በጥበብ የሚሠሩት የደንገል ታንኳ እየዋለ ሲያድር ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥራ በኋላ ቆሞ በፀሐይ ካልደረቀ ይከብዳል። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የለም፣ ሙላት ሲሆን ደግሞ ታንኳ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስለዚህ መስከረም ላይ የምንቀዝፈው በግንቦት ከነበረው እጅግ የከበደ፣ ቶሎ የማይታጠፍ ታንኳ ነው፤ ያውም መንገዱ በተለወጠ፣ አሸዋ በተቆለለበት፣ አጥርና የተበጠሰ መረብ በተቀበረበት ወንዝ ላይ። እምቦጩም ከሐይቁ ዳር ተነቅሎ በነፋስ እየተገፋ መግቢያውን ይዘጋል፤ ጉማሬም ሣር ፍለጋ ከለመደው ቦታ ወጥቶ ከማሳው አጠገብ ሊገኝ ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች «ታንኳ ቀዛፊ ወንዙን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ምን ንገሩኝ ይላል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። በእርግጥ ቀዛፊ ወንዙን ያውቃል። የውሃውን ቀለም አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ዳር ላይ የተከላትን ችካል ተመልክቶ ብዙ ነገር ይናገራል። የሚያውቀው ግን ትናንት ማታ ትቶት የሄደውን ወንዝ ነው፤ ሌሊት ጉና ላይ የዘነበውን ሊያውቅ አይችልም። ያን የሚያውቅ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በጉማራም በርብም የውሃ ከፍታ መለኪያ ጣቢያዎች አሉ፤ ልኩም እየተነበበ ይመዘገባል። ይህ ቁጥር ለጥናትና ለግድብ ዲዛይን እንደሚያገለግል አውቃለሁ፤ ጥቅሙንም አልክድም። ነገር ግን በዚያው ቀን ከድልድዩ በታች ላለ ቀዛፊ ቢደርስ የሰው ሕይወት ያድናል። የነገ አየር ሁኔታ በየማታው በሬዲዮ ይነገረናል። «ጉማራ ከትናንት በዚህን ያህል ጨምሯል፣ ርብ ቀንሷል፣ ሐይቁ ግን አልወረደም» የሚል ሁለት ዓረፍተ ነገር አብሮ ቢነገር ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል?

አሁን ወደ ዓሣው ልመለስ፤ ስለ እርሱ ዝም ማለት አልችልም። ከጣና ዓሦች መካከል እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ የሚሉት ወገን አለ። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ዝርያዎቹ አሥራ አምስት ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዞቹ መግቢያ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጉማራን፣ ርብንና ሌሎቹን ወንዞች ሽቅብ ወጥተው እንደ ዱካሊት ወዳሉ ገባሮች ይገባሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ የሚፈስስና ጥርት ያለ ውሃ ነው። ሙላቱ ጠጠሩን አጥቦ ያጸዳላቸዋል፤ ውሃው ሲጎድልና ሲጠራ ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ይፈለፈላል። ስለዚህ ጎርፍ ለዓሣ ጥፋት ብቻ አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ከተራቆተ ተራራ የመጣ ደቃቅ ደለል ተመልሶ ጠጠሩን ሲሸፍነውና ዕንቁላሉን ሲያፍነው፣ ወይም ጠጠሩና አሸዋው ራሱ ለግንባታ ተጭኖ ሲሄድ ነው።

እንግዲህ ዓሣው በመግቢያው ላይ ተጨናንቆ በሚቆምበት በዚያ ወቅት መረብ ከዳር እስከ ዳር ይወጠራል። አንድ ሌሊት የሚያዘው በበጋ ወር ሙሉ ከሚያዘው ሊበልጥ ይችላል፤ የሚያዙት ግን ሆዳቸው በዕንቁላል የተሞላ እናቶች ናቸው። ወደ ላይ ደግሞ በገባሮቹ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ፤ መርዙ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የተደረገ ጥናት የዚህ ወገን ዓሣ ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ከተነገረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም እንዲሁ ሃያ ዓመት አልፎታል። አባቴ በአንድ ማለዳ ያወጣ የነበረውን ነጭ ዓሣ እኔ ዛሬ በሳምንት አላገኘውም።

መረብ የሚወጥሩትን ሰዎች እንደ ወንጀለኛ ብቻ ላያቸው አልፈልግም። ሩዙ በደለል የተበላበት፣ እስከ ኅዳር ድረስ የሚበላው የሌለው ጎረቤቴ ዓሣው በደጁ ሲያልፍ ዝም ብሎ ያያል ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ የጎርፍ እርዳታ ሲታሰብ የአስጋሪው ቤት አብሮ ሊታሰብ ይገባል፤ ውሃው ከጎደለ በኋላ ላሉት ስድስትና ሰባት ሳምንታት እህል ያገኘ ሰው መግቢያውን ክፍት ለመተው አቅም ይኖረዋል። ባዶ ቤት ለተቀመጠ ሰው ግን ክልከላ ብቻውን ምን ያደርግለታል?

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሲሰማ «የወንዙን ሁኔታ በሬዲዮ ካወጃችሁ ዓሣው መቼ እንደሚወጣ ለመረበኛው መንገራችሁ አይደለም?» ብሎ ሞግቶኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ስለሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። መረበኛው ግን ሬዲዮ አያስፈልገውም፤ ዓሣው መቼ እንደሚሰበሰብ ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የማያውቀው መግቢያውን ለመጠበቅ የተመደበው ባለሙያ ነው። እርሱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መንገዱ ሲደርቅ፣ ማለትም ዓሣው አልፎ መረቡም ተነሥቶ ካበቃ በኋላ ነው። የወንዙ ልክ በየቀኑ ቢነገር እርሱም በጊዜው ይደርስ ነበር።

አምባዛ ስለሚባለው ዓሣም አንድ ቃል ልናገር። አምባዛ ሙላቱን ተከትሎ ወደ ሣሩና ወደ ረግረጉ ወጥቶ ይራባል። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ለዚህ የታወቁ ነበሩ፤ በእርሻ ተገፍተው ዛሬ እጅግ ጠበዋል። ውሃው ሲመለስ ብዙ አምባዛ በየጉድጓዱ ተቋርጦ ይቀራል፤ አየር መተንፈስ ስለሚችል ለቀናት ይቆያል እንጂ መውጫ የለውም። ትልልቁን ሰው ለቅሞ ይብላው፤ ጫጩቱ ግን ከጉድጓዱ ወደ ወንዙ ትንሽ ቦይ ቢቀደድለት ተመልሶ ይሄዳል። በትምህርት ቤታችን ከተማሪዎቼ ጋር በሁለት ጉድጓዶች ላይ ሞክረነዋል፤ በአካፋ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው የሚከብድ አይመስለኝም። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ በእያንዳንዱ እትም ትንሽ ቦታ ለወንዞቹ ልክና ለሐይቁ ከፍታ ስጡልን፤ ቁጥሩን የያዙትን መሥሪያ ቤቶችም እኛ ገበሬዎቹና ቀዛፊዎቹ ከምንጠይቃቸው እናንተ ብትጠይቋቸው ቶሎ ይመልሳሉ። እኔ በበኩሌ በመንደራችን ከወንዙ ዳር የተከልኋትን ችካል በየጠዋቱ አይቼ ልኳን፣ የውሃውን ቀለምና ለታንኳ አስጊ የሆኑ ግንዶች ያሉበትን ቦታ ለዝግጅት ክፍላችሁ በስልክ ለመንገር ዝግጁ ነኝ። ችካሏ አሁንም እንደቆመች ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፎገራ ወረዳ፣ የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ