ሐኪሙ ያላለውን አታስብሉት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ9 ዓመት ተማሪውን ደፍሯል ተብሎ ተከስሶ በነጻ ስለተሰናበተው አስጠኚ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤያለሁ። መዝገቡን ስላላየሁት ፍርዱን ለዳኞቹ እተወዋለሁ። ያንገበገበኝ «ሐኪሙ ድንግልናዋ እንዳለ በመመስከራቸው ጥቃት አለመፈጸሙ ተረጋግጧል» የምትለዋ መስመር ናት። በማን ተረጋገጠ? ሐኪሙ ያየውን ተናገረ፤ የቀረውን የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ።

የተከሳሹን ጠበቃ፣ ጎረቤቱን፣ አጎቱን ሳይቀር አነጋግራችኋል። ሕፃናትን የሚመረምር አንድ ሐኪም ግን በዚህ ሁሉ ከተማ ጠፋ!

እኔ መጥሪያ ሲመጣ አዳር ተረኛ ከነበርኩበት ሆስፒታል በቀጥታ ችሎት የምሄድ ሐኪም ነኝ። ብዙውን ጊዜ «ቀጠሮው ተለውጧል» ተብዬ እመለሳለሁ፤ የትራንስፖርቱም ከኪሴ ነው። ስመሰክር ደግሞ ጠበቃው የራሴን ወረቀት እያሳየ «ምንም ምልክት አልተገኘም ብለው ጽፈዋል፤ አዎ ወይስ አይደለም?» ይለኛል። ላብራራ ስል «የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ»። አንድ ጊዜ ከችሎት ስወጣ የልጅቷ እናት ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ «ዶክተር፣ ልጄን ዋሽታለች ማለትዎ ነው?» አለችኝ።

አላልኩም። ተደፍረው ከሚመጡልን ሕፃናት አብዛኞቹ አካል ላይ ምንም አይታይም። ያ ገላ ይለጠጣል፤ ቢቆስልም በቀናት ውስጥ ሊሽር ይችላል፤ ልጅ ደግሞ አፉን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ታዳጊዎችን አይቶ የግንኙነት ቁርጥ ያለ ምልክት ያገኘው በ2ቱ ላይ ብቻ ነው። 34ቱ፣ በእናንተ ስሌት፣ ከነፋስ ፀንሰዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውምና ይቅር ካለ ዓመታት አልፈዋል። ከፖሊስ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ግን ዛሬም «ድንግልናዋ ስለመኖሩ ተረጋግጦ ይላክልን» ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 እንኳ ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ ግንኙነትን ብቻ ሳይሆን ሌላም ነውረኛ ድርጊት ይቀጣል፤ ለዚያ የትኛውን ጠባሳ ልፈልግ?

ምልክት ባገኝም ያደረሰው እገሌ ነው ማለት አልችልም። የሙያዬ ወሰን እዚያ ነው፤ የእናንተም ይኖራል ብዬ እገምታለሁ።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ አውጡት፤ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር እንዳትሸጉጡት።

ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል፣ አዲስ አበባ